የማሳው ቁጥር በማን እጅ ይቀመጥ?

ስለ ቡና ንግድና ስለ አውሮፓ የደን ደንብ የቀረበ አስተያየት

በቡና ንግድ የሚተዳደር ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ቀድሞ የውጭ አገር ገዢ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነበር፤ ይኸውም ቡናው ከየት አገር እንደ መጣ፣ ደረጃው ስንተኛ እንደ ሆነና ዋጋው ምን ያህል እንደ ሆነ ነው። ናሙናው ተቆልቶና ተቀምሶ ጣዕሙ ከተወደደ፣ ጆንያው ከርጥበትና ከመጥፎ ሽታ የጸዳ ከሆነ፣ የባንኩም ሰነድ ከተሟላ፣ ሌላ ምርመራ እምብዛም አልነበረም። ዛሬ ግን በነዚህ ላይ አራተኛ ጥያቄ ተጨምሯል። ይህም ቡናው የበቀለበት ማሳ በምድር ላይ በየትኛው ነጥብ እንደሚገኝ፣ በዚያም ነጥብ ላይ ደን የነበረ እንደ ሆነ መቼ እንደ ተመነጠረ የሚጠይቅ ነው።

ስለዚህ ጥያቄ በየቢሮውና በየመጋዘኑ ብዙ ይነገራል። አንዱ «ደንቡ ተላልፏልና እንረፍ» ይላል። ሌላው «ይህ እኛን ከገበያ ለማስወጣት የተሸረበ ነው» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ሦስተኛው ደግሞ ስልክ የያዙ ወጣቶችን ቀጥሮ የገበሬውን ማሳ ሁሉ ካስመዘገበ በኋላ፣ መዝገቡን ለብቻው ቈልፎ ያስቀምጠዋል። እኔ የአንድ ነጋዴ ጸሐፊ ስሆን ሥራዬ ደብዳቤ መጻፍ፣ ሰነድ ማዘጋጀትና መዝገብ መጠበቅ ነው። ከዚህ ሥራ አንጻር ስመለከተው፣ ከሦስቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሦስተኛው ነው። ምክንያቱንም ከዚህ በታች በየተራው ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ደንቡ ምን ይላል?

የአውሮፓ ኅብረት የደን ምንጠራን ለመከላከል ያወጣው ደንብ ቁጥር 2023/1115 የሚባለው ሲሆን፣ ከሰኔ 22 ቀን 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 29 ቀን 2023) ጀምሮ የጸና ሕግ ሆኗል። የሚመለከታቸው ሸቀጦች ሰባት ናቸው፤ እነርሱም የቀንድ ከብት፣ ካካዎ፣ ቡና፣ የዘይት ዘንባባ፣ ጎማ፣ አኩሪ አተርና እንጨት፣ ከነዚህም የሚሠሩ ልዩ ልዩ ዕቃዎች ናቸው። ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2020) በኋላ ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ ኅብረቱ ገበያ ሊገባ አይችልም። ከዚህም ሌላ ቡናው በተመረተበት አገር ሕግ መሠረት የተመረተ መሆን ይገባዋል።

አስመጪው ይህን ለማረጋገጥ ማሳው የሚገኝበትን ኬክሮስና ኬንትሮስ አግኝቶ፣ መግለጫውን በኅብረቱ የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ላይ አስገብቶ፣ መለያ ቁጥር መቀበል አለበት። ስፋቱ ከ4 ሄክታር የማይበልጥ ማሳ በአንድ ነጥብ ሊገለጽ ይችላል፤ ከዚያ የሚበልጠው ግን ዙሪያው በሙሉ ይነደፋል። ሰነዱ 5 ዓመት ተጠብቆ ይቀመጣል። ደንቡን በሚጥስ ድርጅት ላይ የሚጣለው ከፍተኛ መቀጫም በኅብረቱ ውስጥ ካለው ዓመታዊ ሽያጭ ከመቶ 4 እጅ እንዳያንስ ተደንግጓል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ግዴታው በቀጥታ የተጣለው በአውሮፓው አስመጪ ላይ እንጂ በእኛ ላይ አይደለም። ይሁን እንጂ በሐምቡርግ የተቀመጠ ነጋዴ የሊሙን ማሳ በራሱ ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ ሸክሙ ከእርሱ ጫንቃ ወርዶ ወደ ላኪው፣ ከላኪው ወደ አቅራቢው፣ ከአቅራቢው ወደ ሰብሳቢው፣ በመጨረሻም ስለ ደንቡ አንድም ቀን ሰምቶ ወደማያውቀው ገበሬ ይደርሳል።

መተላለፉ ዕረፍት አይደለም

ደንቡ በመጀመሪያ በሥራ ላይ እንዲውል የታሰበው በታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር። ቀኑ ሳይደርስ ለአንድ ዓመት ተላለፈ። ያ ዓመትም ሊያልቅ ሲል፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2025 በወጣው ማሻሻያ፣ ለታላላቅና ለመካከለኛ ድርጅቶች እስከ ታኅሣሥ 21 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ ለአነስተኛና ለጥቃቅን ድርጅቶች ደግሞ እስከ ሰኔ 23 ቀን 2019 ዓ.ም. እንዲቆይ ተወሰነ።

በዚህ ውስጥ ፖለቲካ እንዳለበት የታወቀ ነው። ደንቡን የተቃወሙት ከሩቅ ያሉ አምራች አገሮች ብቻ አይደሉም፤ በአውሮፓ ውስጥ ያሉ ባለደኖች፣ ፋብሪካዎችና አንዳንድ መንግሥታትም ጭምር ናቸው። ለሁለተኛው መዘግየት የኅብረቱ ኮሚሽን ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ራሱ ያቋቋመው የኮምፒዩተር መዝገብ የሚመጣበትን የመግለጫ ብዛት ላይችል ይችላል የሚል ነበር። ያን ያህል መሣሪያና ባለሙያ ያለው ኅብረት መዝገቤ አልተዘጋጀም ብሎ ጊዜ ሲጨምር፣ ስልክ የሌለው ገበሬ ግን እንዲዘጋጅ መጠበቁ ቅር የሚያሰኝ ነው። በመተላለፉም የተጎዳው ቀድሞ ገንዘብ አውጥቶ የተዘጋጀው ነጋዴ ሲሆን፣ የተጠቀመው እጁን አጣጥፎ የጠበቀው ነው።

ቢሆንም ሁለት ጊዜ የተለወጠው ደንቡ ሥራ የሚጀምርበት ቀን ነው እንጂ የደኑ ቀን አይደለም። ታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. እንደ ሆነ አለ። በ2014 ዓ.ም. የተመነጠረ መሬት በመተላለፉ ምክንያት ንጹሕ አይሆንም። የቡና ችግኝ ተተክሎ ፍሬ ለመስጠት ሦስትና አራት ዓመት ያህል የሚወስድ በመሆኑም፣ ከዚያ ቀን በኋላ በተመነጠረ መሬት ላይ የተተከለው ቡና ወደ ገበያ የሚደርሰው ገና በነዚህ ዓመታት ነው። እንግዲህ ችግሩ ጊዜ በተገኘ ቍጥር እየሰፋ ይሄዳል እንጂ አይጠብም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና፣ የተገኘው ጊዜ በቀስታ ለመታጠቅ ቢውል ይሻላል።

የአንድ ኮንቴይነር ሒሳብ

የእኛ ቡና ከማሳ እስከ መርከብ የሚሄድበትን መንገድ የሚያውቅ ሰው የሥራውን ክብደት ይረዳዋል። 60 ኪሎ የሚይዝ 320 ጆንያ በአንድ ኮንቴይነር ቢጫን፣ ክብደቱ 192 ኩንታል ይሆናል። አንድ ገበሬ በዓመት 3 ኩንታል የተፈለፈለ ቡና የሚሸጥ ቢሆን፣ ይህ ኮንቴይነር የ64 ገበሬዎች ላብ ነው። ገበሬው ግማሹን ለአንዱ፣ ግማሹን ለሌላው ሰብሳቢ የሚሸጥ ቢሆን ደግሞ የ128 ገበሬዎች ይሆናል። በደንቡ መሠረት ምንጩ ያልታወቀ ቡና ምንጩ ከታወቀው ጋር ከተደባለቀ፣ ጭነቱ በሙሉ እንዳልታወቀ ይቈጠራል። የ127ቱ ሰነድ ተሟልቶ የአንዱ ቢጐድል፣ የ127ቱ ድካም ከንቱ ይሆናል ማለት ነው።

መደባለቅ በእኛ ገበያ እንግዳ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ፣ በ2001 ዓ.ም. ቡና ወደ ገበያው ሲገባ፣ አሠራሩ ቡናን በአካባቢና በደረጃ እየመደቡ ማከማቸት ነበር። ይህም ለዋጋ ግልጽነትና ለክፍያ ፍጥነት ብዙ ጠቅሟል፤ ነገር ግን ገዢው ቡናው ከየትኛው የማጠቢያ ጣቢያ እንደ መጣ ሊያውቅ አይችልም ነበር። ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ በተደረገው ማሻሻያ ግን የቡናው ምንጭ ሳይጠፋ የሚሸጥበት መንገድ ተከፈተ፤ አምራቹና አቅራቢውም በቀጥታ እንዲልኩ ተፈቀደ። ስለዚህ በሩ አስቀድሞ ተከፍቷል፤ የቀረው በበሩ የሚገባው መዝገብ ነው።

ምንጭን ለይቶ አለማወቅ ምን ያህል እንደሚጎዳ ከዚህ ቀደም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን ከኢትዮጵያ በመጣ ቡና ላይ የፀረ ተባይ ኬሚካል ቅሪት በማግኘቷ፣ ወደዚያ የሚላከው ቡና እጅግ ቀንሶ ነበር። ጥርጣሬው ያረፈው በገበሬው ማሳ ላይ ሳይሆን በጆንያው ላይ ነበር። የተበላሸው ጭነት ጥቂት ቢሆንም፣ ጥሩውን ከመጥፎው ለይቶ ማሳየት ቀላል ስላልነበረ ጉዳቱ ለሁሉም ደረሰ። ስለዚህ «አውሮፓ ባይገዛን ሌላ አገር ይገዛናል» የሚለው አባባል ከሐሳብ አያድንም። ዛሬ አንዱ ገዢ የጠየቀውን ነገ ሌላው መጠየቁ አይቀርም።

ስለ ቁጥሩ ትክክለኛነት

ደንቡ የሚጠይቀው ቁጥር ከነጥቡ በኋላ ስድስት አኃዝ ያለው ነው። ስድስተኛው አኃዝ በምድር ላይ ሲለካ 11 ሳንቲሜትር ያህል፣ ማለትም ግማሽ ስንዝር ገደማ ይሆናል። በኪሳችን የምንይዘው ስልክ ግን በጥላ ዛፍ ሥር ሆኖ ሲለካ ብዙ ሜትር ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ ልኬቱን የሚወስደው ሰው መንገድ ዳር ቆሞ ሳይሆን በማሳው መካከል ገብቶ፣ ስልኩ እስኪረጋ ጠብቆ መመዝገብ ይገባዋል።

ከመሣሪያው ስሕተት ይልቅ ግን የጸሐፊ ስሕተት ይከፋል። ለምሳሌ ያህል የጅማ ከተማ በኬክሮስ 7.67 ሰሜን፣ በኬንትሮስ 36.83 ምሥራቅ ገደማ ትገኛለች። አንድ ቸኩሎ የሚጽፍ ሰው ሁለቱን ቁጥሮች ቢያቀያይራቸው፣ ነጥቡ በሰሜን አልጄሪያ፣ ከሜድትራንያን ባሕር ዳር ካለችው ከዓናባ ከተማ አጠገብ ያርፋል። ቡናችን አልጄሪያ በቀለ ማለት ነው። ኮምፒዩተሩ ይህን አይቶ ቢስቅ ኖሮ መልካም ነበር፤ እርሱ ግን አይስቅም፤ ጭነቱን ይመልሳል እንጂ።

የስምም ነገር እንዲሁ ነው። አንዱ ገበሬ በአማርኛ «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ» ወይም «ሐይሉ» ተብሎ ይጻፋል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ይበዛል። በሦስት መዝገብ በሦስት አጻጻፍ የተመዘገበ አንድ ሰው፣ ለውጭ አገሩ መርማሪ ሦስት ሰው ይመስለዋል። አንድ ማሳም ሦስት ጊዜ ቡና የሸጠ ይመስላል። ስለዚህ ስም ብቻውን አይበቃም፤ ለያንዳንዱ ገበሬ የማይለወጥ አንድ መለያ ቁጥር ያስፈልገዋል።

ደኑስ?

ስለ ሰነዱ ስናወራ ስለ ደኑ መርሳት አይገባንም። ደንቡን አውሮፓ ስላወጣው ብቻ ደን መጠበቅ የአውሮፓ ጉዳይ ነው ማለት ስሕተት ነው። የአረቢካ ቡና የዱር ዘመዶቹ የሚገኙት በደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን ውስጥ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የካፋንና የያዩን ደኖች የዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች አድርጎ መዝግቧቸዋል። በሽታን ወይም ድርቅን የሚቋቋም ዝርያ ነገ ቢያስፈልግ የሚፈለገው ከዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ አንድ ጥናት፣ የአየር ንብረት ለውጥ እንዲህ ከቀጠለና ምንም ካልተደረገ፣ ዛሬ ቡና ከሚበቅልበት የአገራችን ክፍል ከመቶ 39 እስከ 59 የሚሆነው በዚህ ምዕተ ዓመት ፍጻሜ ለቡና የማይስማማ ሊሆን እንደሚችል ገምቷል። ደኑ ሲያልቅ የሚጎዳው በመጀመሪያ የእኛው ሸቀጥ ነው።

በሌላ በኩል ግን ደንቡ የሚጠቀምበት የደን ትርጉም ለእኛ አገር ቡና አስቸጋሪ ነው። ስፋቱ ከግማሽ ሄክታር በላይ የሆነ፣ ቁመታቸው ከ5 ሜትር የሚያልፍ ዛፎች ያሉበትና ቅጠላቸው ከመሬቱ ከመቶ 10 እጅ በላይ የሚሸፍን ቦታ ደን ይባላል። በዋንዛ፣ በሰሳና በብርብራ ጥላ ሥር የሚበቅለው ቡናችን ከሰማይ በሳተላይት ሲታይ ደን ይመስላል። ደንቡ በዛፍ ጥላ ሥር የሚካሄድ እርሻን እንደ እርሻ የሚቈጥር ቢሆንም፣ ከላይ የሚያየው መሣሪያ ይህን ለይቶ ላያውቅ ይችላል። ገበሬው አሮጌ ጥላ ዛፍ ቈርጦ አዲስ ቢተክል፣ ደን መነጠረ ተብሎ ሊከሰስ ይችላል። ይህን ክስ የሚመልሰው ከሥር ከመሬቱ የተጻፈ መዝገብ ብቻ ነው። እንግዲህ መዝገቡ ሸክም ብቻ ሳይሆን የገበሬው ምስክርም ነው ማለት ነው።

ቁጥሩ የማን ሀብት ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሻለሁ። የማሳው ቁጥር ከሌለ ቡናው ለአውሮፓ የማይሸጥ ከሆነ፣ ቁጥሩን የያዘ ሰው ገበያውን ያዘ ማለት ነው። አንድ ላኪ በራሱ ወጪ 2,000 ማሳ ያስለካና መዝገቡን ለብቻው ያስቀመጠ እንደ ሆነ፣ እነዚያ 2,000 ገበሬዎች ቡናቸውን ከእርሱ በቀር ለሌላ መሸጥ ይቸግራቸዋል። ሌላው ገዢ በኪሎ ብዙ ብር ቢጨምርላቸው እንኳ፣ ያለ ቁጥሩ ቡናው ዋጋ የለውምና። ቀድሞ ገበሬውን ከአንድ ነጋዴ ጋር የሚያስረው በክረምት የተበደረው ገንዘብ ነበር። አሁን ደግሞ ወለድ የማይከፈልበት፣ ነገር ግን ከቶ የማያልቅ አዲስ ዕዳ እንዳይመጣበት እሰጋለሁ።

ለዚህ ክርክር መልስ አለ። «ገንዘቡን ያወጣሁ እኔ ነኝ፤ ደክሜ ያገኘሁትን ለተወዳዳሪዬ በነፃ የምሰጠው ለምንድን ነው?» የሚል ነጋዴ ያላግባብ አልተናገረም። ወጪው እውነተኛ ወጪ ነው፤ ሰው፣ ስልክ፣ መጓጓዣና ጊዜ ይጠይቃል። ነገር ግን መልሱ ገበሬውን ማሰር ሳይሆን ወጪውን መከፋፈል ነው። ያስለካው ነጋዴ ሌላው ነጋዴ በመዝገቡ ሲጠቀም ተመጣጣኝ ክፍያ ያግኝ። የአውሮፓው ገዢም ግዴታው በሕግ የእርሱ ሆኖ ሳለ ወጪውን ለእኛ ትቶ መሄድ አይገባውምና፣ በውሉ ላይ ድርሻው በግልጽ ይጻፍ።

ከዚህም በላይ የሰው ስምና የመሬቱ ሥፍራ የግል መረጃ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እንዲህ ያለ መረጃ በዘፈቀደ እንዳይሰበሰብና እንዳይሰጥ ይከለክላል። ገበሬው ስለምን እንደሚለካ በሚያውቀው ቋንቋ ተነግሮት፣ ፈቅዶ፣ የተለካውንም ግልባጭ በእጁ መቀበል አለበት። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንደሚባለው፣ ያ ወረቀት ለልጁ የሚተርፍ ሀብት ነው።

ምን ይደረግ?

በበኩሌ የሚከተለው ቢደረግ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ላኪዎች አንድ ዓይነት ቅጽ ቢስማሙበት፣ አንዱ የለካውን ሌላው እንደገና ለመለካት ገንዘብ አያባክንም። ቅጹ የገበሬውን መለያ ቁጥር፣ የማሳውን ነጥብ፣ የማሳውን ስፋት፣ የጥላ ዛፉን ዓይነትና የተለካበትን ቀን የያዘ ቢሆን ይበቃል።

የማኅበራት ዩኒየኖች የአባሎቻቸውን መዝገብ በራሳቸው እጅ ቢይዙ መልካም ነው። ዩኒየን ያልደረሰባቸው ገበሬዎች እንዳይቀሩ ግን ንግድ ምክር ቤቶችና የሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተነጋግረው፣ ማንም ላኪ ከፍሎ የሚጠቀምበት፣ ገበሬውም የራሱን በነፃ የሚያገኝበት የጋራ መዝገብ ቢያቋቁሙ ይገባል።

በየትናንሹ ከተማ ያሉ ባለሱቆች፣ በተለይም በመኸር ጊዜ ጀንፈል የሚገዙት፣ ነገሩ አይመለከተንም ማለት የለባቸውም። የብዙ ገበሬ ቡና መጀመሪያ የሚደባለቀው በሱቃቸው ጓዳ ነው። የሚያስፈልጋቸውም አንድ ደብተርና ምልክት የተደረገባቸው ጆንያዎች ናቸው፤ ከማን፣ መቼ፣ ስንት ኪሎ እንደ ገዙ መጻፍ ከዱቤ መዝገብ አይከብድም። ደንቡ በሥራ ላይ ከዋለ በኋላ፣ ያ ደብተር ያለው ባለሱቅ ቡናውን ከሌለው በተሻለ ዋጋ ለመሸጥ ይችላል።

አስመጪዎችም ድርሻ አላቸው። ፀሐይ ላይ የሚነበብ፣ ባትሪው ቀኑን ሙሉ የሚቆይና ኔትወርክ በሌለበት ቦታ መዝግቦ የሚያስቀምጥ ስልክ በተመጣጣኝ ዋጋ ቢያቀርቡ፣ ለራሳቸውም ትርፍ፣ ለአገርም ጥቅም ነው።

በመጨረሻም ጸሐፊዎች፣ ባልደረቦቼ፣ ከላይ የተናገርሁትን የቁጥር መቀያየር አስተውሉ። የሚላከው ፋይል ከመላኩ በፊት በካርታ ላይ ይታይ፤ ከአገራችን ወሰን የወጣ ነጥብ ካለም ይታረም። ሥራው የአንድ ሰዓት ነው፤ ጉዳቱ ግን የአንድ ኮንቴይነር ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ የሚፈራው አንድ ነገር ነው። ሥራው ከባድ ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ፣ ላኪው ትልልቅ እርሻዎችን ብቻ መርጦ፣ በጓሮዋ ሃምሳ እግር ቡና ያላትን ባልቴት «ቁጥር የላትም» ብሎ እንዳይተዋት ነው። እርሷ ደን አልመነጠረችም፤ የጥላ ዛፉን ጠብቃ ያቆየችው እርሷ ናት። ደንን ለመጠበቅ የወጣ ደንብ ደን የጠበቀችውን ሰው ከገበያ ቢያስወጣ፣ የተገላቢጦሽ ይሆናል። ይህ እንዳይሆን ማድረግ የሚቻለው ደግሞ ብራስልስ ላይ ሳይሆን፣ እዚሁ በሚዛኑና በመዝገቡ አጠገብ ነው።

ክቡራን ነጋዴዎች ከዚህ የተሻለ ሐሳብ እንዳላቸው አልጠራጠርም። እንዲያውም በዚሁ ጋዜጣ ላይ ጽፈው ቢከራከሩበት፣ ታኅሣሥ ሳይደርስ ሁላችንም እንማርበታለን።